ሂፕኖቴራፒ ለሐኪምና ለሳይኮሎጂስት ብቻ ይፈቀድ ወይስ ለሠለጠነ ሁሉ?

አወያይ፦ በእስራኤል በ1984 የወጣ ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሂፕኖሲስን (ሰውን በቃል እየመሩ ጥልቅ ተመስጦ ውስጥ ማስገባትን፤ በዚህ ማከም ሂፕኖቴራፒ ይባላል) ፈቃድ ላላቸው ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሳይኮሎጂስቶች ብቻ ሰጥቷል። በብሪታንያ ግን "ሂፕኖቴራፒስት" የሚለውን መጠሪያ የሚጠብቅ ሕግ የለም፤ ማንም በሩ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። የቱ ይሻላል? ነገሩ እንዳይበታተን ማስረጃው ደህና በሆነበት በአይቢኤስ፣ ማለትም ቁርጠት ከተቅማጥ ወይም ከድርቀት ጋር በሚመላለስበት የአንጀት ሕመም ላይ እንቆይ። "አፍዝ አደንግዝ ነው" የሚል አስተያየት ይጠፋል።

የአንጀት ሐኪሟ፦ እኔ ከእስራኤሉ ሕግ ጋር ነኝ። አደጋው ሂፕኖሲሱ ላይ ሳይሆን ከሱ በፊት ባለው ላይ ነው። ከሰገራ ጋር ደም፣ ሳያስቡት መክሳት፣ የደም ማነስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ተቅማጥ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፦ ከነዚህ አንዱ ካለ ሌላ ምርመራ ይቀድማል። ምንም ባይኖርም የደም ቆጠራ፣ የሴሊያክ (አንጀት የስንዴን ግሉተን የማይቀበልበት በሽታ) እና የሰገራ ካልፕሮቴክቲን (የአንጀት ብግነትን የሚጠቁም) ምርመራ አይቀርም። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ደግሞ ጃርዲያ፣ አሜባና የአንጀት ቲቢ ይታሰባሉ። እኛ ዘንድ ሁሉም "ጨጓራ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ይህን የማይለይ ሰው ቁርጠቱን ቢያስታግስ በሽታውን ደበቀ ማለት ነው።

ሂፕኖቴራፒስቱ፦ ዶክተር፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ስለ ምርመራ እንጂ ስለ ሕክምናው አይደለም። ምርመራው ያለቀለትን ሰው በደብዳቤ ይላኩልኝ። የብሪታንያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2008 ያወጣው መመሪያ መድኃኒት ለ12 ወር ሞክረው ላልተሻላቸው ከሚያቀርባቸው አማራጮች አንዱ ሂፕኖቴራፒ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እስከ 12 ጊዜ የሚመጣን ሕመምተኛ የሚያስተናግድ የትኛው የአንጀት ሐኪም ነው? ሥራውም ምሥጢር የለውም። በአሜሪካ የተዘጋጀው የሰሜን ካሮላይናው አሠራር 7 ክፍለ ጊዜ ነው፤ የሚነገረው ቃል በቃል ተጽፏል።

ሳይኮሎጂስቱ፦ የተጻፈ ማንበብማ ቀላል ነው። ከጽሑፉ ውጭ የሆነ ነገር ሲመጣ ነው ሙያው የሚታየው። መጀመሪያ ግን ቁጥሮቹን እናስተካክል። የአንጀት ሐኪሙ ሆርዌል በ1984 ማንቸስተር ላይ ያወጡት ጥናት 30 ሰው ብቻ ነበር። በ2015 ከዚያው የወጣው የ1,000 ሕመምተኞች መረጃ 76 በመቶ ተሻላቸው ይላል፤ ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈውም እሱ ነው። ማወዳደሪያ ቡድን እንዳልነበረው ግን ማንም አይጽፍም። በ2019 ኔዘርላንድስ ውስጥ በ354 ሰዎች ላይ፣ ማወዳደሪያ ቡድን ይዞ የተሠራው ጥናት ከ3 ወር በኋላ በቂ እፎይታ አገኘን ያሉትን እንዲህ ያስቀምጣል፦ ለብቻ ከታከሙት 40.8፣ በቡድን ከታከሙት 33.2፣ ምክርና ትምህርት ብቻ ካገኙት 16.7 በመቶ። ይሠራል፤ ግን 76 አይደለም። ሲጋራ ለማስተው ደግሞ በ2019 የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ ከሌላ ዘዴ መብለጡን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። በሩ ላይ "ሲጋራ በአንድ ቀን" የሚለውስ ማን ይቆጣጠረው?

ሂፕኖቴራፒስቱ፦ የሲጋራውን እቀበላለሁ። የአንጀቱን ግን ምን እንደምንሠራ ሳያዩ "አደገኛ" የሚሉ ስላሉ ልዘርዝር። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዓይን አንድ ነጥብ ላይ አሳርፎ ትንፋሽን ማርዘም፣ ጡንቻን ከእግር እስከ ግንባር ማርገብ። ቀጥሎ ከ10 ወደ 1 እየቆጠሩ ተመስጦውን ማጥለቅ። ከዚያ መዳፍ ሆድ ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲገባ እንዲሰማው ይደረጋል። አንጀቱን እንደ ወንዝ ያስባል፦ ተቅማጥ ያለበት ደራሹን ያበርደዋል፣ ድርቀት ያለበት የታገደውን ይለቀዋል። መጨረሻ ከ1 እስከ 5 ቆጥሮ መመለስ። ይህን የሚዘል ሰው ሕመምተኛውን ራሱን እያዞረው ወደ መኪና መንገድ ይልከዋል። የተመስጦውን የድምፅ ቅጂ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቤቱ ካላዳመጠ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ብቻ ብዙ አይሄድም። ሲሆን ያየነው ብልሽት በአብዛኛው ይሄ ነው፤ ሰው ቅጂውን ይተዋል።

ሳይኮሎጂስቱ፦ ከ10 ወደ 1 ሲቆጠር ሰውየው ተንሰቅስቆ ማልቀስ ቢጀምርስ? የለመድነው ጽሑፍ "ባሕር ዳርቻ ቆመሃል፣ ማዕበሉ በርጋታ ይመጣል" ይላል። በሊቢያ አድርጎ በጀልባ የተሻገረን ሰው እዚያ ማቆም ምን እንደሆነ አስቡት። ሥዕሉን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ካለቀሰም ዓይኑን አስገልጦ እግሩ ወለሉን እንደሚነካ፣ ያለበትን ክፍል ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ያለበትን ጭራሽ አለመጀመር። "የተረሳውን ትዝታ እንፈልግ" የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ውጡ፤ ሂፕኖሲስ ትዝታን አያጠራም፣ የተሳሳተውን በእርግጠኝነት እንድታምኑ ያደርጋል እንጂ።

ነርሷ፦ ሁላችሁም ቋንቋውን ዘለላችሁት። የእንግሊዝኛው ቅጂ ለሁሉም ሰው አንድ ነው። በአማርኛ ለአንተ፣ ለአንቺና ለእርስዎ ለየብቻ መቅዳት ግድ ነው። አባትን የሚያህል ሰው "ዓይንህን ጨፍን" ሲባል ተመስጦው እዚያው ይበተናል። ቃሉም ያስታል፦ "ሆድህ ይላላ" የሚለው ተቅማጥ ላለበት ሰው መዓት ነው፤ ሆድ የሚያላላ መድኃኒት ነው የሚሰማው። "ይርገብ" ወይም "ይረጋጋ" ይሻላል። ሆዱ ለሚነፋበት ሰውም "ሆድህ ይስፋ" አይባልም።

ሂፕኖቴራፒስቱ፦ በአስተርጓሚስ?

ነርሷ፦ የ30 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፤ በየዓረፍተ ነገሩም ይቋረጣል። ስልክ ላይ ከሆነማ ይባስ። ምርመራውና ቃለ መጠይቁ በአስተርጓሚ ይሁን፣ ተመስጦው ግን አማርኛ በሚናገር ሰው ወይም በቅጂ።

የአንጀት ሐኪሟ፦ እንግዲህ ልላላ (ቃሉን ይቅር በሉኝ)። ሐኪም መርምሮ በጽሑፍ ከላከ፣ ሥራውን ደግሞ የጤና ባለሙያ ምዝገባ ያለው ሰው፣ ነርስም ትሁን፣ ቢሠራው አልቃወምም። ያለ ደብዳቤ በቀጥታ ከመንገድ የሚቀበለውን ግን አሁንም ሕግ ይከልክለው።

ሂፕኖቴራፒስቱ፦ በደብዳቤው ተስማምተናል። በምዝገባው አልተስማማንም፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንቀጥል።