የዚንክ ሰልፌቱ ክሪስታል ነጭ ዱቄት ለበሰብኝ፤ ተበላሽቶ ነው ወይስ ሌላ ማዕድን ሆኖ?

የከዚራ መምህርት፣ ድሬዳዋ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለልጆቹ የማዕድናት ጠረጴዛ እያዘጋጀሁ ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ወላጆችም መጥተው ያዩታል።

ዕቃ ክፍላችን ውስጥ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ አገኘሁ። «ዚንክ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት፣ 250 ግራም» ይላል። መጋቢት ላይ ስከፍተው ክሪስታሎቹ እንደ መስታወት የጠሩ ነበሩ። ልጆቹ በጣም ወደዷቸው። አፉ ሰፊ ወደሆነ ብርጭቆ ገለበጥኩት። እርጥበት እንዳያበላሸው ብዬ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የማድረቂያ ከረጢቶች አብሬ ከተትኩበት። ከዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የክፍሉ ጣራ ቆርቆሮ ነው።

አሁን ግንቦት ላይ ሳየው ነጭ ሆኗል። ላዩ ዱቄት ለብሷል፤ ስነካው ጣቴ ላይ ይቀራል። ማንም ከላዩ አልወሰደም፤ ሚዛን ላይ ሳወጣው ግን 234 ግራም ሆነ። 16 ግራሙ የት ገባ?

ሌላም አለ። አንድ መጽሐፍ ላይ ይህ ጨው በማዕድንነቱ «ጎስላራይት» እንደሚባል አንብቤ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ኤፕሰም ጨው (ማግኒዥየም ሰልፌት) ነው፣ ወረቀቱ ተሳስቷል ይላል። ለልጆች የተሳሳተ ስም ጽፌ ማስቀመጥ አልፈልግም። እርዱኝ።

የሸዋ በር ኬሚስት፣ ሐረር

መምህርት፣ አልተበላሸም። የወጣው ውኃ ነው።

በዚህ ጨው ውስጥ ለእያንዳንዱ ዚንክ 7 የውኃ ሞለኪውሎች አሉ። ከክብደቱ 43.9 በመቶው ውኃ ነው። ያ የጠራው 250 ግራም ክሪስታልሽ ወደ 110 ግራም የሚጠጋ ውኃ ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። በእጅ ሲይዙት ግን ደረቅ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

የማድረቂያ ከረጢቶቹን ዛሬውኑ አውጪ። ጨው ሁሉ እርጥበት ይስባል ብለን እናስባለን። ይሄኛው በደረቅ አየር ተቃራኒውን ያደርጋል፤ የራሱን ውኃ ይሰጣል። ከረጢቶቹ ደግሞ የሰጠውን እየጠጡ ተጨማሪ እንዲሰጥ አደረጉት። ሙቀቱም አለ። ወደ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ባለ 7 ውኃው ዓይነት ወደ ባለ 6 ውኃ ይቀየራል። በግንቦት ድሬ ላይ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ይሄ ሩቅ ቁጥር አይደለም።

አሁን ስሌቱን እይው። ከየሞለኪውሉ አንድ ውኃ ብቻ ቢወጣ ክብደቱ 6.3 በመቶ ይቀንሳል። 250 ግራም የነበረው 234 ይሆናል። ልክ ያንቺ ቁጥር! ስለዚህ ሄክሳሃይድሬት፣ ማለትም ባለ 6 ውኃ ሆኗል። በማዕድን ስሙ ቢያንካይት ይባላል።

የድንጋይ ወዳጅ፣ ድሬዳዋ

ሐረሬው ወንድሜ ስሌቱ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ቸኮለ። 16 ግራሙ የሚነግረን ስንት ውኃ እንደወጣ ነው። ከየት እንደወጣ አይነግረንም። ከሁሉም ክሪስታል አንድ አንድ ውኃ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ከስድስት አንዱ እጅ ብቻ ስድስቱን ውኃ አጥቶ ባለ 1 ውኃ ሆኖ፣ የቀረው ሳይነካ ተቀምጦ ይሆናል። ሚዛኑ ላይ ሁለቱም 234 ናቸው።

መምህርት፣ ትልቁን ክሪስታል ስበሪና ውስጡን እዪልን።

እስከዚያው ስለ ስሙ ልጻፍ፤ ጂኦሎጂ ተምሬያለሁ፣ ይህ ነገር ደስ ይለኛል። ጎስላራይት ስሙን ያገኘው ጀርመን ውስጥ ሃርዝ ተራሮች ሥር ካለችው ከጎስላር ከተማ ነው። አጠገቧ ራሜልስበርግ የሚባል የማዕድን ማውጫ አለ። ከ1000 ዓመት በላይ ተሠርቶበት በ1988 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ በ1992 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እዚያ ውስጥ ስፋለራይት የሚባለው የዚንክና የድኝ ማዕድን አየርና ውኃ ሲያገኘው ይበሰብሳል። ዚንክና ሰልፌት ይዞ የሚንጠባጠበው ውኃ በዋሻው ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ነጭ ፀጉር፣ ቅርፊት፣ አንዳንዴም ከጣራ የተንጠለጠለ ዘንግ ይሠራል። ጎስላራይት ያ ነው። ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ከጉድጓድ ውስጥና ከደረቅ አገር በቀር የማይቆየው።

ምደባው እንዲህ ነው። ክፍሉ ሰልፌት ነው። በውስጡም ውኃ ያላቸው፣ ሌላ ተጨማሪ አኒዮን (አሉታዊ አዮን) የሌላቸው ሰልፌቶች ዘንድ ይገባል። ቤተሰቡ የኤፕሶማይት ቡድን ይባላል። ቡድኑ ሦስት ወንድማማቾች አሉት፦ የማግኒዥየሙ ኤፕሶማይት፣ የኒኬሉ ሞሬኖሳይትና የዚንኩ ጎስላራይት። ሦስቱም ባለ 7 ውኃ ናቸው፤ የክሪስታል ሥርዓታቸውም አንድ ነው፣ ኦርቶሮምቢክ፤ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት ዘንጎች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ የሚገናኙበት ማለት ነው። ባልደረባሽ ኤፕሰም ጨው ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። መልካቸው በእርግጥ የወንድማማች ነው።

የብረቱ ሜላንቴራይትም ባለ 7 ውኃ ነው፤ ግን ሞኖክሊኒክ (አንዱ ዘንግ ያዘነበለ) ስለሆነ ሌላ ቡድን ውስጥ ነው። ዚንክም ብረትና መዳብ ሲቀላቀሉበት ወደዚያኛው ቡድን ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ዚንክሜላንቴራይት ይባላል። ስለዚህ ቀመሩን ብቻ አይቶ ቡድን መስጠት አይቻልም። አቶሞቹ እንዴት እንደተደረደሩም ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጆቹ የሚወዱት ይመስለኛል። ሰባቱ ውኃዎች እኩል አይደሉም። ስድስቱ ዚንኩን ከበው በቀጥታ ይዘውታል። ሰባተኛው ዚንኩን አይነካም፤ በመሃል ባለው ክፍተት ውስጥ በሃይድሮጅን ትስስር ብቻ ተይዞ ይቀመጣል። አየሩ ሲደርቅ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው።

ውኃው በቀነሰ ቁጥር ማዕድኑ አዲስ ስም ያገኛል። ባለ 6 ቢያንካይት ነው፤ በጣሊያናዊው የማዕድን ሊቅ አንጄሎ ቢያንኪ የተሰየመ። ባለ 4 ቦይላይት፣ ባለ 1 ደግሞ ጋኒንጋይት ይባላሉ። እነዚህ ሁለቱ በካናዳ ጂኦሎጂስቶች ስም ነው የተጠሩት። ዚንኩ ያው ነው፣ ሰልፌቱም ያው ነው። የሚለያቸው ውኃው ነው።

የሳቢያን ልጅ

ይቅርታ፣ ላቋርጥ። የቤታችን ግድግዳ ከታች ነጭ ዱቄት ያወጣል። የቆርቆሮ አጥራችንም ላይ ነጭ ነገር አለ። ይሄም ዚንክ ሰልፌት ነው ማለት ነው?

የድንጋይ ወዳጅ፣ ድሬዳዋ

የግድግዳው አይደለም። እሱ የከርሰ ምድር እርጥበት ከአፈሩ፣ ከአሸዋውና ከሲሚንቶው እየሟሟ የሚያወጣው ሌላ ጨው ነው። ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለበት፤ ዝም ካለ ሌላ ጨው ነው። የአጥሩ ግን ዚንክ አለው፤ ቆርቆሮ በዚንክ ነውና የሚለበጠው። ቢሆንም በብዛት ዚንክ ሃይድሮክሳይድና ካርቦኔት ነው እንጂ ሰልፌት አይደለም።

ከሐረማያ ማዶ

እኔ የእርሻ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ገንዘብ ከስሬያለሁና ልናገር። ዚንክ ሰልፌት በማዳበሪያነትም ይሸጣል፣ በሁለት ዓይነት። ባለ 7 ውኃው ንጹሕ ሲሆን 22.7 በመቶ ዚንክ አለው። ባለ 1 ውኃው 36.4 በመቶ። 100 ኪሎ ባለ 7 ውኃ የሚሰጠውን ዚንክ 62 ኪሎ ባለ 1 ውኃ ይሰጣል። እኔ ዋጋው ረከሰ ብዬ ገዛሁ፤ የገዛሁት ግን ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ውኃ ነበር። ከረጢቱ ላይ የዚንኩን በመቶኛ ሳታነቡ ዋጋ አታወዳድሩ። መምህርት፣ ይቺን ለልጆችዎ ይንገሩልኝ፤ ብዙዎቹ የገበሬ ዘመድ አላቸው።

ፋርማሲስቷ፣ ሐረር

እኔ የምፈራውን ልናገር። አንዳንድ የቆዩ መጻሕፍት ስለ ማዕድናት ሲጽፉ ጣዕማቸውን ይጠቅሳሉ። ስለዚህኛውም «አፍ የሚያኮማትር፣ የብረት ጣዕም ያለው» ይላሉ። መምህርት፣ እባክሽ ማንም ልጅ እንዳይቀምስ። ያስመልሳል፤ ድሮ ለማስመለሻነትም ይሰጥ ነበር። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ዱቄቱን ስትነኪ መነጽርና ጓንት አድርጊ።

ሁለተኛ፣ ጠረጴዛው ዘንድ የሚመጣ ወላጅ «ልጄ ሲያስቀምጠው ጤና ጣቢያ ዚንክ ሰጡኝ» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፤ ከኦ.አር.ኤስ ጋር የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከዚንክ ሰልፌት ነው የሚሠራው። እሱ ግን ለመድኃኒት የተጣራና በልጁ ዕድሜ የተለካ ነው። የቤተ ሙከራ ጠርሙስና የማዳበሪያ ከረጢት ለዚያ አይሆኑም። ይሄን በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊው።

የሸዋ በር ኬሚስት፣ ሐረር

የድንጋዩ ሰው ትክክል ነው፤ ቸኩያለሁ። ክሪስታሉ ይሰበር።

የባልደረባሽን ጥርጣሬ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ትፈቺዋለሽ። ትንሽ ቆንጥረሽ በውኃ አሟሚ። ኮስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውኃ ጠብታ በጠብታ ጨምሪበት። ዚንክም ማግኒዥየምም በመጀመሪያ ነጭ ዝቃጭ ይሰጣሉ። እዚያ ላይ እንዳታቆሚ! መጨመርሽን ቀጥይ። የዚንኩ ዝቃጭ ተመልሶ ይሟሟል፣ ውኃው ይጠራል። የማግኒዥየሙ ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

የድንጋይ ወዳጅ፣ ድሬዳዋ

ካልነጣው ክፍል ላይ እፍጋቱንም መለካት ትችያለሽ። ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ በነጭ ጋዝ አድርጊው። የተመዘነ ቁራጭ መለኪያ ሲሊንደር ውስጥ ከትተሽ ጋዙ ስንት ሚሊ ሊትር ከፍ እንዳለ እዪ። ጎስላራይት በሚሊ ሊትር ወደ 1.98 ግራም ይጠጋል፤ ኤፕሶማይት 1.68 ገደማ ነው። በጥፍር መጫርም ትችያለሽ፤ ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ2 እስከ 2.5 ነው። ግን ሁለቱም እዚያው ስለሆኑ ይሄኛው አይለያቸውም።

የከዚራ መምህርት፣ ድሬዳዋ

አቦ ተባረኩ! ዛሬ ከ10ኛ ክፍል ልጆቼ ጋር ሠራነው።

ትልቁን ክሪስታል ሰበርነው። ውጩ ነጭ ቅርፊት፣ ውስጡ ጥርት ያለ መስታወት! ልጆቹ ጮኹ። ስለዚህ ሁሉም አልተቀየረም። ከውስጡ የጠሩ ቁርጥራጮች 12 ግራም መዘንን፤ ነጭ ጋዙ 6 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። 2 ገደማ ማለት ነው። በኮስቲክ ሶዳው ነጭ ዝቃጭ መጣ፣ ስንጨምርበት ጠራ። ባልደረባዬም አጠገቤ ቆሞ አየ፤ አሁን ተስማምተናል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የላዩ ዱቄት ስሙ ማን ነው? እንደገና የጠራ ክሪስታል ማድረግስ ይቻላል?

የድንጋይ ወዳጅ፣ ድሬዳዋ

የዱቄቱን ስም በዓይን መስጠት አይቻልም። ቢያንካይትም ጋኒንጋይትም ነጭ ዱቄት ናቸው፤ የሚለያቸው የኤክስሬይ ምርመራ ነው። «ውኃ ያጣ ቅርፊት» ብለሽ ጻፊ፣ እውነት ነው።

ስለ ስሙ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ማዕድን የሚባለው ተፈጥሮ የሠራው ነው። ያንቺ ከፋብሪካ የመጣ ነው። ቀመሩም አደራደሩም ከጎስላራይት ጋር አንድ ነው፤ ጎስላራይት ብሎ መሰየም ግን ልክ አይሆንም።

የሸዋ በር ኬሚስት፣ ሐረር

ይቻላል። በብርጭቆ ዕቃ፣ ለብ ያለ ውኃ በትንሽ በትንሹ እየጨመርሽ ሁሉም እስኪሟሟ ብቻ አማስዪ። ከደፈረሰብሽ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ያጠራዋል። አጥልዪው። አንድ የጠራ ቁራጭ በክር አስረሽ ብጥብጡ ሲቀዘቅዝ አንጠልጥዪበት፣ ከዚያ አትነካኪው። ዋናው ነገር ቦታው ከ39 ዲግሪ በታች ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ነው። አለበለዚያ የሚያድግልሽ ባለ 6 ውኃው ነው። ሲያድግ በወረቀት አድርቂው፤ ፀሐይ ላይ አታስጪ። ከዚያ ጢም ብሎ በሚሞላ ትንሽ ጠርሙስ ክደኚና ክዳኑን ዙሪያውን በሻማ ድፈኚ።

የተረፈውን ውኃ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አታፍስሺ። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። በጠርሙስ አስቀምጪው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ክሪስታል ይሆናል።

ድሬ አልበርድ ካለሽ እኛ ጋ ይዘሽ ነይ። ሐረር ማታ ማታ ይቀዘቅዛል፣ የእኛ ቤተ ሙከራ ጣራውም ቆርቆሮ አይደለም።

የከዚራ መምህርት፣ ድሬዳዋ

ቅዳሜ እመጣለሁ። ወረቀቱን እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ ስህተት ካለ ንገሩኝ፦

«ዚንክ ሰልፌት ባለ 7 ውኃ፤ ሰው ሠራሽ። በተፈጥሮ ሲገኝ ጎስላራይት ይባላል፤ የኤፕሶማይት ቡድን፣ ኦርቶሮምቢክ። ነጩ ቅርፊት ድሬዳዋ ላይ ውኃ ያጣው ነው። አይቀመስም።»

የተሰበረውን ክሪስታል ከነቅርፊቱ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቹ እሱን አትጣይብን ብለውኛል።

የሸዋ በር ኬሚስት፣ ሐረር

ምንም ስህተት የለውም። ስትመጪ ጠርሙሱን ሚኒባሱ መስታወት ሥር እንዳታስቀምጪው፤ የደንገጎን ዳገት እስክትወጡ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። በጨርቅ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።