መሪው ተቀየረ፣ ፍሬኑ ግን አልይዝ አለ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ አሮጌ የተራራ ብስክሌቴን ለጠጠር መንገድ እንዲመች ልለውጠው ተነሥቼ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ቀጥ ያለውን መሪ አውጥቼ እንደ እሽቅድድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈውን አስገባሁ። ችግሩ ፍሬኑ ነው፦ አዲሱ እጀታ የሚስበው ገመድ አጭር ስለሆነ ረጃጅሞቹ የፍሬን ክንዶች ቸርኬውን በደንብ አይጨብጡም። ገመዱን ሳጠብቀው ደግሞ ላስቲኩ ቸርኬውን እየላሰ ይሄዳል። ትናንት ቁልቁለት ላይ በእግሬ መሬት እየጫርሁ ነው የቆምሁት፤ ጫማዬ ምስክር ነው! ክንዶቹን በአጫጭር ልተካ ወይስ የገመዱን ስበት የሚጨምር መዘውር መሐል ላይ ልግጠም? የማርሽ መቀየሪያውም የተሠራው 22.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መሪ ስለሆነ 23.8 በሆነው በአዲሱ መሪ ላይ አልገባም ብሏል። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ይምከረኝ።