ሐይቅ ዳር ለሁለት ቀን፦ የት እንብላ፣ ምን እንይ?

ሰላም ሰዎች፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሐይቅ ዳር ልንወጣ ነው፣ ባለፈው እይታው አሪፍ ነው ብለን የገባንበት ቤት ዓሳው የከረመ ሆኖ ልጆቹ ሳይበሉ ወጣን። እናንተ እንዴት ነው የምትመርጡት?

መልስ 1፦ እህቴ እይታውን ተይውና ጠዋት ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ሂጂ፣ አጥማጆቹን ራሳቸውን የት እንደሚበሉ ጠይቂ፣ አለቀ። ሳይጠበስ አሳዩኝ በይ፣ ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ፣ አንገቱ ጋ ያለው ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፤ ዓይኑ ከሰረጎደ ሻይ ጠጥተሽ ውጪ 😄

መልስ 2፦ ጀልባ ጠዋት ነው እሺ፣ ከሰዓት መሬቱ ሲግል ነፋሱ ከውሃው ወደ ዳር ይነሳል፣ እኛ አንዴ 9 ሰዓት ላይ ገብተን በስብሰን ተመለስን ስልኬም እዛው ቀረ። በልጆቹ ልክ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ወፍ ከወደዳችሁ ንጋት ላይ ሸምበቆው ጋ።

መልስ 3፦ ሞቃት ቦታ ከሆነ ልጆቹ ሳር የበዛበት የረጋ ውሃ ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ፣ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ በቆዳ ነው የሚገባው፣ ትሉ የሚራባባቸው ቀንድ አውጣዎች ያሉት ደግሞ እዛ ነው።

ጠያቂዋ፦ ውይ፣ ባለፈው ሙሉ ቀን እዛ ነበር የዋሉት! ነገ ሐኪም ጋ ብወስዳቸው ይሻላል መሰለኝ