«ዘመኑ ያበቃ» ማለት «የተሻረ» ማለት ነው?

ጠያቂዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፦
ጤና ይስጥልኝ የቃል ወዳጆች። አባቴ 85 ዓመቱ ነው፤ በንጉሡ ዘመን በአንድ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ባለፈው የቨርጂኒያ ምርጫ ሰሞን አብረን የአማርኛ ዜና ስንሰማ «የሥልጣን ዘመናቸው የሚያበቃው አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን በዚህ ምርጫ አይወዳደሩም» ተባለ። አባቴ ዘወር ብሎ «ምን አጥፍቶ ነው?» አለኝ።

ምንም እንዳላጠፋ፣ የቨርጂኒያ ሕግ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አከታትሎ አገረ ገዥ እንዳይሆን ስለሚከለክል እንደሆነ ነገርኩት። «ታዲያ ተሻረ በይኛ!» አለ። አልተሻረም አልኩት። «ልጄ፣ ሳይሻር፣ ሳይሞት፣ ወደ ሌላ ሳይዛወር ከወንበሩ የሚነሣ ሹም አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስበት ቃል አጣሁ። አሜሪካኖቹ «ተርም ሊሚትድ» ብለው በሁለት ቃል የሚገላገሉትን እናንተ በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?

አስተርጓሚ፣ ከሜሪላንድ፦
እኅቴ፣ ይህ የዘወትር ራስ ምታቴ ነው። ብዙ ጊዜ «የሥልጣን ገደብ ያለበት» ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ። ስሕተት ነው። «የሥልጣን ገደብ» ካልን ሥልጣኑ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው የሚገባን እንጂ ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው አይደለም። ለዓመቱ «የሥልጣን ዘመን ገደብ» ማለት ግድ ነው። የእኛ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ «የሥራ ዘመን» ነው የሚለው፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ፣ ሹሙ ለሥራ እንደተቀመጠ ያስታውሳልና። እዚያው ላይ የፕሬዚዳንቱ የሥራ ዘመን ስድስት ዓመት ሆኖ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም ይላል። ስለዚህ ሐሳቡ ለአማርኛ ሕግ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው ለሰሚው ጆሮ ነው።

የባሰው ችግር ግን ገደቡ ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። በአንዳንዱ ግዛት ሁለት ዘመን ያገለገለ ሰው አንድ ዘመን አርፎ መመለስ ይችላል። የኦሃዮው ጄምስ ሮድስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1971 ገዝቶ፣ አራት ዓመት ተቀምጦ፣ ከ1975 እስከ 1983 ደግሞ ገዝቷል፤ ሲደመር 16 ዓመት። ሜሪላንድም እንዲሁ ከሁለት ተከታታይ ዘመን በላይ አይፈቅድም፤ አገረ ገዥ የነበሩት ላሪ ሆጋን በ2022 ያልተወዳደሩት ለዚህ ነው። ሚሺጋንና ካሊፎርኒያ ግን ሁለት ዘመን የጨረሰውን ከዚያ በኋላ ጨርሶ አይመልሱም። የሚሺጋኗ ግሬቸን ዊትመርና የካሊፎርኒያው ጋቪን ኒውሰም በ2018ም በ2022ም ተመርጠዋል፤ በ2026 ስማቸው በአገረ ገዥነት ዕጩዎች ዝርዝር ላይ አይሰፍርም፣ ወደፊትም አይሰፍርም። ይህን ሁለተኛውን አንድ ባልደረባዬ «የዕድሜ ልክ ገደብ» ብሎ ተረጎመው። አንዲት እናት አንብባው «ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው?» ብላ ደነገጠች። እውነቷን ነው፤ በአማርኛ «ዕድሜ ልክ» እና «ገደብ» ሁለቱም የፍርድ ቤት ሽታ አላቸው። ዕድሜ ልክ እስራት አለ፣ በገደብ መለቀቅ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ያገለገለ ሰው ወንጀለኛ ይመስላል።

ጋሼ ባለ መዝገቡ፣ ከአዲስ አበባ፦
የልጅቷ አባት የጠየቁት ጥያቄ ከትርጉም ጥያቄነት ያልፋል። የሹመት ቃሎቻችንን እዩዋቸው። «እንደራሴ» እንደ ራሴ ማለት ነው። «ምስለኔ» ምስለ እኔ ነው፣ የእኔ ምሳሌ፣ እኔን መሳይ። ሁለቱም ስሞች ሿሚው በራሱ አንደበት ያወጣቸው ናቸው። ተሿሚው የሌላ ሰው ጥላ ነው፤ ጥላ ደግሞ የራሱ ዘመን የለውም፣ ባለቤቱ ሲነሣ ይነሣል። ስለዚህ ለመነሣቱ ያሉን ቃላት በሙሉ ከላይ የሚወርዱ ናቸው፦ ተሻረ፣ ተነሣ፣ ወረደ፣ ተወገደ። ጠቅልለን «ሹም ሽር» እንላለን፤ ሹመቱና ሽረቱ አንድ ቃል ሆነው ተጣብቀዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውም ቀኑ በማይታወቅ ሽረት ላይ የቆመ ተረት ነው። ሽረቱ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሹም አልነበረምና።

አሜሪካኖቹም ምስለኔ አያውቁም አትበሉ። በፈረንጆቹ 1966 የአላባማው አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ አከታትሎ መወዳደር ሕጉ ሲከለክለው ባለቤቱን ሉርሊን ዋላስን አስወዳደረ። እሷም አሸነፈች፤ ትእዛዙ ግን ከማን እንደሚወጣ የማያውቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ታማ በሜይ 1968 በሥልጣን ላይ እንዳለች አረፈች፤ እሱ በ1970 ራሱ ተወዳድሮ ተመለሰ። ምስለኔ የሚለውን ቃል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከእኛ ታሪክም አላገኘሁም። ሴትዮዋን ሳስብ አዝናለሁ።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ ጋሼ፣ «አገረ ገዥ» ራሱ ትክክል ነው? ለምን «ርእሰ መስተዳድር» አንልም?

ጋሼ ባለ መዝገቡ፦
ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ርእሰ መስተዳድር የእኛ ክልሎች ስም ነው፤ የሚመርጠውም የክልሉ ምክር ቤት ነው። የአሜሪካውን አገረ ገዥ የግዛቱ ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል። አንድ ስም ከሰጠናቸው ሰሚው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል።

በሰዋስው ግን «አገረ ገዥ» እኔንም ይቆረቁረኛል። እንደ ግዕዙ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ርእሰ መስተዳድር» ብለን ከሄድን ባለቤቱ ኋላ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ስሌት «አገረ ገዥ» የገዥው አገር ይሆን ነበር። አማርኛ ግን ተሳቢውን አስቀድሞ «አገር ገዥ» ብሎ፣ የግዕዙን «ረ» ለክብር ያለበሰው ይመስለኛል። «ገዥ» ደግሞ በእኛ አፍ የሚሸምተውም የሚያስተዳድረውም ነው፤ «ገዛ» ሁለቱንም ይሸከማል። የገዙትን ዕቃ ማን በአራት ዓመቱ ይመልሳል? የአባትየው ግራ መጋባት ግማሹ ከዚህ ነው ባይ ነኝ። ቃሉ ስለለመደ ግን ማንም አይነቅለውም፤ ይኑር።

ዲያቆኑ፣ ከአትላንታ፦
እኔ አንድ ቃል ላዋጣ፦ «ሰሞነኛ»። በደብር ካህናቱ ሳምንት ሳምንት ተከፋፍለው ያገለግላሉ። ሰሞኑን የጨረሰ ቄስ ሲወጣ «ምን አጥፍተው ነው?» የሚል ምእመን የለም። ለቀጣዩ አስረክቦ ይወጣል፣ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። የእኛ ጆርጂያ አገረ ገዥ ሆነው ሁለት ጊዜ የተመረጡት ብራያን ኬምፕም ሁለተኛ ሰሞናቸው በጃንዋሪ 2027 ያበቃል ማለት ነው።

አስተርጓሚ፣ ከሜሪላንድ፦
ዲያቆን፣ ለቨርጂኒያ እንደ ልክ የተሰፋ ነው! ቨርጂኒያ አገረ ገዥዋን በሕዝብ ድምፅ እንድትመርጥ ካደረገው ከ1851 ሕገ መንግሥት ጀምሮ አንድ ሰው ራሱን እንዳይተካ ትከለክላለች። ዛሬ ይህን የምታደርግ ብቸኛዋ ግዛት እሷ ናት። አርፎ መመለስ ግን ይፈቀዳል። ሚልስ ጎድዊን በ1966 በዴሞክራትነት ገብቶ፣ አንድ ዘመን አርፎ፣ በ1974 በሪፐብሊካንነት ተመልሷል። ቴሪ ማኮሊፍም በ2021 ለመመለስ ሞክረው በያንግኪን ተሸንፈዋል። ሰሞነኛ ማለት ይኸው ነው። ለሚሺጋን ግን አይሠራም፤ ሰሞነኛ ይመለሳልና። ለዚያ «የምርጫ ዕጣውን የጨረሰ» ይሻል ይሆን? ዕቁቡን የበላ ሰው ዕጣው ተመልሶ እንደማይገባው።

አሜሪካኖቹ ሊወጣ የቀረበውን ሹም ለሚጠሩበት «ሌም ዳክ» ግን እባካችሁ «አንካሳ ዳክዬ» አትበሉ። ተተኪው ከተመረጠ በኋላ ላለው ጊዜ «ተሰናባች» የሚል ያማረ ቃል አለን፣ ጋዜጠኞቹም ይጠቀሙበታል።

የያቤሎ ልጅ፦
የአባትዬው ጥያቄ ለእኔ ሌላ መልስ አለው። «ሳይሻር የሚነሣ ሹም አለ?» አለ፤ አባ ገዳ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል፣ አባ ገዳው ቀኑን ገና ሲረከብ ያውቀዋል። የሚረካከቡትን ሥልጣን «ባሊ» እንለዋለን። ባሊ ያስረከበ ሰው ክብሩ አይቀንስም፣ ምክሩ ይፈለጋል። አማርኛችሁ ቃል ከጎደለው ከጎረቤት ቢበደር ነውር የለውም፤ «ባሊውን ያስረከበ» ማለት ትችላላችሁ። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በፈረንጆቹ 2016 ሲመዘግበው እኛ ስሙን ከነቃላቱ ነበር የምናውቀው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ለአባቴ አነበብኩለት። ባሊን ወደደው፣ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሰሞነኛ ላይ ግን ቆም አለ። «የሚቀጥለው ሰሞነኛ ማነው?» አለኝ። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 ያሸነፈችው አቢጌል ስፓንበርገር እንደሆነች፣ በቨርጂኒያ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ እንደሆነች ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «እንግዲያ ሰሞነኛ አይሆንም፤ ሴት በመቅደስ ሰሞን አትይዝም። ወፍጮ ቤት ምን ይባል ነበር? ባለተራ። እሱን ተራውን ጨረሰ፣ እሷን ባለተራ በያት» አለኝ።

አስተርጓሚ፣ ከሜሪላንድ፦
እኅቴ፣ አባታችንን ሳሚልኝ። በቃላት መዝገቤ ላይ «ዘመኑ ያበቃ» የሚለውን ሰርዤ «ተራውን የጨረሰ» ብዬ ጻፍኩ። ለሚሺጋኖቹ ከጎኑ «ዳግም ተራ የማይያዝለት» ጨምሬያለሁ።