አሳማው ይዘጋበት ወይስ ይለቀቅ?

የዛሬው ጥያቄ፦ በተራራማ መንደር ሁለት ሦስት አሳማ ያለው ቤተሰብ ቀን ለቆ ማታ ይሰበስባል። መንደሩ «ከእንግዲህ ጋጣ ውስጥ ያልዘጋ ይቀጣል» ቢልስ? ተከራከሩ፤ ስድብ የለም።

ጎረቤት፦ ይቀጣ! አሳማ በአፍንጫው ነው የሚያርሰው። ዳገት ላይ ሲሆን ደግሞ የቆፈረውን አፈር ዝናብ ጠርጎት ይወርዳል። እርከኔ ሁለት ቦታ ተንዷል።

አርቢዋ፦ ወንድሜ፣ ጉዳትህ ይገባኛል። ግን «ዝጉ» ማለት ለአፍ ይቀላል። የተለቀቀ አሳማ ሥሩን፣ ትሉን፣ የወደቀውን ፍሬ ራሱ ፈልጎ ይበላል። ከዘጋሁት በቀን ሁለቴ መኖና ውሃ ተሸክሜ ዳገት የምወጣው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣው አባወራው ነው፤ ሸክሙ ግን የሴት ነው። (ይቅርታ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።) አሳማዬ ባንኬ ናት። ችግር ሲመጣ እሸጣታለሁ። ቀለቧ ከዋጋዋ ከበለጠ ምን ትረባኛለች?

የእንስሳት ሐኪም፦ እህቴ፣ በሸክሙ አልከራከርሽም። እኔን የሚያስፈራኝ የኮሶ ትሉ ነው። ሰው ሜዳ ላይ በሚጸዳዳበት መንደር የተለቀቀ አሳማ ዓይነ ምድር ይበላል። ሰውየው የአሳማ ኮሶ ካለበት እንቁላሉ አሳማው ሆድ ይገባና ሥጋው ውስጥ እጭ ይሆናል። ያንን ሥጋ በደንብ ሳያበስል የበላ ኮሶ ይይዘዋል። ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። እንቁላሉ በቆሸሸ እጅ ወይም ውሃ በሰው አፍ ከገባ እጩ አንጎል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ትሉ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች የሚጥል በሽታን ከሚያመጡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። የአሳማ ሥጋ ቀምሶ የማያውቅ ሰውም ይታመማል።

ታዛቢ፦ ዶክተር፣ እንግዲያው ለአሳማው የሰጠው ሰው ነዋ! ሰውየው ሜዳ ላይ እየተጸዳዳ አሳማውን ማሰር? ጉድ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ መጸዳጃ ቤቱም ይሠራ፣ ማን ከለከለ። ጋጣው ግን ዛሬውኑ ይጠቅማል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳትም አለ። ሰውን አይነካም፣ አሳማ ላይ ግን መድኃኒት የለውም። በ2018 እ.ኤ.አ. ቻይና ገብቶ ስንት አሳማ እንደፈጀ ሰምታችኋል። የሚዞር አሳማ ከታመመው ጋር ይገናኛል፣ ጫካ የተጣለ በድንም ያገኛል።

አርቢዋ፦ ትኩሳቱማ ጋጣም ይገባል! የተዘጋውን በምን ልቀልበው? በወጥ ቤት ትርፍራፊ ነው። ትርፍራፊው ውስጥ የታመመ አሳማ ሥጋ ቢኖርስ?

የእንስሳት ሐኪም፦ እዚህ ላይ ልክ ነሽ። ትርፍራፊ እየተማሰለ 30 ደቂቃ ካልፈላ ባይሰጥ ይሻላል።

አርቢዋ፦ ማገዶውንም እኔው ልልቀመው?

ጀማሪ አርቢ፦ እኔ ዘግቼ ነው የማረባው። መጀመሪያ ግን ከስሬ ነበር። ወለሉን ሲሚንቶ አደረግኩት፣ ንጽሕና መስሎኝ። ግልገሎቹ በሁለተኛው ሳምንት ነጡ፣ ከዚያ ይሞቱ ጀመር። ለካ የእናታቸው ወተት በቂ ብረት የለውም፤ ውጭ ቢሆኑ አፈር እየጫሩ ያገኙት ነበር። አሁን በሦስተኛው ቀን የብረት መርፌ አስወጋለሁ። ትርፉ ምንድነው? ፍግ አንድ ቦታ አገኛለሁ። ወንዱንም እኔ እመርጣለሁ። ድሮ ወንድምና እህት ይገናኙ ነበር። የተጠቃችበትን ቀን ስለማውቅ 114 ቀን ቆጥሬ ሌሊቱን አጠገቧ አድራለሁ፣ ግልገል እንዳትተኛበት።

ጎረቤት፦ እሺ፣ ሰብል መሬት ላይ ባለበት ወቅት ብቻ ይዘጋ። ከታጨደ በኋላ ይለቀቅ። አስማማኋችሁ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ለእርሻህ ይበጃል። ኮሶ ትል ግን ወቅት አያውቅም።

አርቢዋ፦ እኔ በወቅት መዝጋቱ እስማማለሁ፣ የጋጣውን እንጨት ሁሉም አዋጥቶ ከሠራ። ቅጣቱ ግን ከአሳማ አይጀምር። ጎረቤቴ፣ አንተ ቤት መጸዳጃ አለ?

ጎረቤት፦ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ግድግዳው ነው የቀረው።

አርቢዋ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ጎረቤት፦ ...ካምና።