የአልበርት ሽፔርን ማስታወሻ በምን ሚዛን ልመዝነው?

በታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ከ1942 እስከ 1945 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነበረውን የጀርመን የጦር መሣሪያ ምርት ይመለከታል። ዋና ምንጬ የጊዜው የጦር መሣሪያ ሚኒስትር አልበርት ሽፔር በ1969 ያሳተመው ማስታወሻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የናዚ መሪዎች በተዳኙበት የኑረምበርግ ችሎት 20 ዓመት እስራት የተፈረደበት ይህ ሰው ስለ አይሁዳውያን ጭፍጨፋ አላውቅም ነበር ይላል። የኤስ ኤስ (የናዚዎቹ የታጠቀ ድርጅት) አዛዥ ሂምለር ኦክቶበር 6 ቀን 1943 በፖዘን ከተማ ለናዚ ፓርቲ መሪዎች ግድያውን በግልጽ ሲናገር እርሱ ቀድሞ ከስብሰባው እንደወጣ ተከራክሯል። የንግግሩን ጽሑፍ አግኝቼ አነበብኩት፤ ሂምለር በመካከል ሽፔርን በስም ጠርቶ ያነጋግረዋል። በ1971 በጻፈው የግል ደብዳቤ ደግሞ ሽፔር ራሱ በቦታው እንደነበረ አምኗል፤ ደብዳቤው በ2007 ይፋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል።

መጀመሪያ ራሱን ነጻ የሚያወጣበትን ሁሉ ትቼ፣ ራሱን የሚወቅስበትን ብቻ ለመቀበል ሞከርኩ። አልሠራም። ጥፋቱን በጥቅሉ መቀበሉ ራሱ ዝርዝሩን እንዳይጠየቅ ጋሻ ሆኖለታል። የምርቱ አኃዝ አላስቸገረኝም፤ ከመዛግብት ጋር ማመሳከር ይቻላል። የጨነቀኝ ሌላ ነው፦ ምስክር በሌለበት ከሂትለር ጋር ያደረጋቸውን ንግግሮች ቃል በቃል እያስታወሰ ይጽፋል፤ የምዕራፌ ግማሽ በእነርሱ ላይ ቆሟል። አማካሪዬ «አረጋግጥ ወይም ሰርዝ» ብለው መልሰውልኛል።

ሌላ ሰነድ የማይደግፋቸውን እነዚህን ንግግሮች ሳልሰርዝ፣ እንደ እውነትም ሳልወስድ፣ በምን መንገድ ልጠቀምባቸው?