ለአደን ወቅት የባሩድና የፕራይመር የጋራ ግዢ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሬንጅ (ተኩስ መለማመጃው) ላይ ያወራነው የጋራ ግዢ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ለጠቅላላ ስብሰባው በጽሑፍ ይቅረብ ስለተባለ ረቂቁን እዚሁ እንጀምረው። ለአዲስ አባላት ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ፣ ብዙዎቻችን የአደን ጥይታችንን ራሳችን ነው የምንሞላው፣ የተተኮሰውን ቀልሃ አጥበን አዲስ ፕራይመር (ግርጌው ላይ ገብታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ)፣ ባሩድና አረር እናስገባበታለን። እዚህ ቨርጂኒያ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይገባል፣ እና ብዙዎቻችን ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ያቺን የመጀመሪያ ሳምንት ነው፣ የተገኘው ተበልቶ የቀረው ፍሪዘር ይገባና ገናን ይጠብቃል። ባለፈው ዓመት ግን ቀልሃው ታጥቦ አረሩም ባሩዱም ተገዝቶ የላርጅ ራይፍል ፕራይመር (ለጠመንጃ የሚሆነው ትልቁ) ጠፍቶ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ቁጭ ያልን ብዙ ነን። እኔ ራሴ ከማናሳስ እስከ ፍሬድሪክስበርግ ስድስት ሱቅ ዞሬ አንዱ ጋ አለ ተብሎ ስገባ "የምንሸጠው ጠመንጃ ለሚገዛ ብቻ ነው" ተብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

መነሻ ሐሳቤ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ገበያው ረጋ ሲል፣ ማለትም ፌብሩዋሪና ጁን አካባቢ፣ አንድ ላይ እንዘዝና ወጪውን እንከፋፈል። እስቲ ያላችሁን ጨምሩበት፣ የማይሆነውንም ንገሩኝ።

ገንዘብ ያዥ፦

እኔ ቁጥሩን ላስቀምጥ ምክንያቱም ሰው ሲያወራ ሁሉም በየራሱ ዋጋ ነው የሚያወራው። ከ2020 በፊት 1,000 ፕራይመር ከ30 እስከ 35 ዶላር እንገዛ ነበር፣ በ2021 ከሰው እጅ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ አይተናል፣ አሁን ሱቅ ላይ ሲገኝ በ70 እና በ90 መሃል ነው። በዚህ ላይ ሃዝማት የሚባለው ክፍያ አለ። ባሩድና ፕራይመር በፖስታ ቤት መላክ ክልክል ነው፣ በዩፒኤስ ወይ በፌዴክስ በምድር ነው የሚመጣው፣ ለአደገኛ ዕቃ የሚጨመረው ክፍያ ደግሞ ለሳጥኑ ነው እንጂ ውስጡ ላለው ብዛት አይደለም። 30 ዶላር ነው እንበል፣ አንድ ሰው ለብቻው 1,000 ፕራይመር ሲያዝ እያንዳንዷ ላይ 3 ሳንቲም ይጫንባታል፣ አሥር ሆነን 10,000 በአንድ ሳጥን ብናስመጣ ግን ሦስት አሥረኛ ሳንቲም ነች።

ሌላው፣ አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬይን ነው። ለ.308 (ለአደን የምንጠቀምበት የጠመንጃ ጥይት ዓይነት) በአንድ ጥይት 44 ግሬይን አካባቢ ብንይዝ (ለስሌት ነው፣ ትክክለኛው መጠን ማኑዋላችሁ ላይ ያለው ነው) ወደ 159 ጥይት ይሞላል። ለማስተካከያ የሚተኮሰውን ጨምሮ በዓመት 60 የሚተኩስ አዳኝ አንድ ፓውንድ ከሁለት ዓመት በላይ ይበቃዋል። ይሄን ያነሳሁት አንዳንዶቻችን ስምንት ፓውንድ ካልገዛሁ የምንል ስላለን ነው። በሽጉጥ የሚወዳደሩት አባላት ነገር ይለያል፣ እነሱ ፕራይመሩን በሺህ ነው የሚጨርሱት፣ ለብቻ ይታይላቸው።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦

ልጆቼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥሩ ጀምራችኋል። እኔ በዚህ አገር ሦስት እጥረት አይቻለሁ። የመጀመሪያው በ2012 ዲሴምበር ኮነቲከት ውስጥ ትምህርት ቤት ላይ ያ አሳዛኝ ነገር ከደረሰ በኋላ ነው፣ ሕግ ይወጣል ተብሎ ሰው ሁሉ ሱቅ ወረደ፣ በ2013 ትንሿ የ.22 ጥይት እንኳ ጠፋች። ፋብሪካ አልተቃጠለም፣ ሥራም አልቆመም፣ ያጠፋው የሰው ፍርሃት ነው። ሁለተኛው የ2020ው ነው፣ ወረርሽኙ መጣ፣ ጠመንጃ ገዝቶ የማያውቅ ሁሉ ገዛ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የጠመንጃና የጥይት አምራቹ ሬሚንግተን ኪሳራ አወጀና አርካንሳስ ሎኖክ ያለው የጥይት ፋብሪካው ተሸጠ። የገዛው ሲሲአይና ፌደራል የሚባሉትን የፕራይመር አምራቾች የያዘው ኩባንያ ነው፣ ስለዚህ እዚህ አገር ከምናውቃቸው ከአራቱ የፕራይመር ስሞች ሦስቱ በአንድ ባለቤት እጅ ገቡ፣ ዊንቸስተር ብቻ ውጭ ቀረ። ሦስቱም በ2024 አብረው ለቼኩ ኩባንያ ለሲኤስጂ ተሸጠዋል። እነዚህ ፋብሪካዎች መጀመሪያ ፕራይመሩን የሚያስገቡት ራሳቸው በሚሸጡት ሙሉ ጥይት ውስጥ ነው፣ ራሳችን ለምንሞላው ለእኛ የሚደርሰን የተረፈው ነው።

ሦስተኛው የባሩዱ ነው። የባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው፣ እሱ ደግሞ ከጥጥ ነው የሚሠራው፣ ጥጡ ከተዳመጠ በኋላ ፍሬው ላይ ተጣብቆ ከሚቀረው አጭር ክር። የዩክሬን ጦርነት ሲመጣ የመድፍ ጥይት ፋብሪካ ሁሉ ይሄንኑ ፈለገ፣ በ2024 የአሊያንት ባሩድ ከገበያ ሲጠፋ የተነገረን ምክንያት የናይትሮሴሉሎስ እጥረት ነው። እዚሁ ስቴታችን ውስጥ ራድፈርድ ላይ ለጦሩ ይሄንኑ የሚሠራ ፋብሪካ አለ፣ ጦሩ ሲፈልግ እኛ ወረፋ እንጠብቃለን፣ ይሄን ልንቀይረው አንችልም። የሰው ፍርሃት የሚያመጣውን እጥረት ግን ቢያንስ በመካከላችን ልናቆመው እንችላለን።

ስለዚህ ሐሳቤ ዕቁብ ነው። አገራችን ሰው በሬ የሚገዛውም ሱቅ የሚከፍተውም በዕቁብ ነው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ እኛም ሦስቱንም አሉን። ልዩነቱ ዕጣ አይወጣበትም፣ በየወሩ እናዋጣለን፣ ዕቃው ሲመጣ ለሁሉም በአንድ ቀን ይከፋፈላል። ለሰው ጣሪያ ይበጅለት፣ ቤቱ ሞልቶ ያለው ደግሞ በዚያ ዙር ተራውን ለሌለው ይልቀቅ።

አባል ከስፕሪንግፊልድ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልን፣ የዕቁቡን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ዕቃው የት ይቀመጣል የሚለው ነው፣ ባለፈው አንድ ሰው በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ስቶር ይቀመጥ ሲል ሰምቻለሁ፣ እባካችሁ ይሄ በፍጹም አይሆንም፣ ልጆች ሰንበት ትምህርት የሚማሩበት ቤት ነው። ኤንኤፍፒኤ 495 የሚባለው የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ ጭስ አልባ ባሩድ በፋብሪካ ዕቃው ውስጥ እንዳለ እና እስከ 10,000 ፕራይመር ነው የሚለው፣ ከ20 በላይ ከሆነ ወፍራም የእንጨት ሳጥን ይጠይቃል። አንድ ሰው ቤት የሁላችንን ብናከማች ወዲያው ነው የምናልፈው። የኔ ሐሳብ ጭራሽ አይከማች፣ የመጣ ዕለት ሁላችንም መጥተን እንውሰድ፣ ያልመጣ ሰው ተወካይ ይላክ፣ የካውንቲውን ፋየር ማርሻል (የእሳት ደኅንነት ኃላፊ) ደግሞ ቀድመን እንጠይቅ፣ እኔ እደውላለሁ።

ሌላም አለ፣ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ አባላት አሉን። የዲሲ ሕግ ጥይት የሚለው ሙሉውን ብቻ አይደለም፣ ፕራይመሩም ባሩዱም ባዶ ቀልሃውም ጥይት ተብሎ ነው የሚቆጠረው፣ እዚያ የተመዘገበ ጠመንጃ የሌለው ሰው ይዞ ቢገኝ ሊከሰስ ይችላል። ከሬንጅ የለቀማትን ቀልሃ ኪሱ ረስቶ ድልድዩን የሚሻገር ሰው እንዳይኖር በረቂቁ ላይ በደማቁ ይጻፍ።

አባል ከውድብሪጅ፦

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ለምን ትንሽ ትርፍ አንገዛም? እጥረቱ ሲመጣ ለውጭ ሰው ብንሸጠው የማህበሩን ካዝና ይደጉመዋል፣ የሬንጅ ኪራዩን ራሱ ይከፍላል። ወይም ሞልተን ጥይቱን ብንሸጥስ?

ጸሐፊ፦

ወንድሜ ለማህበሩ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ሁለቱንም አልስማማበትም። ጥይት ሞልቶ ለመሸጥ ከፌደራል መንግሥት ታይፕ 06 የሚባለው የአምራች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እኛ የለንም፣ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ጠመንጃ ራሱ ይሞላል፣ አለቀ። ዕቃውን ይዞ ቆይቶ በውድ መሸጡም በ2021 ከመኪና ጀርባ 1,000 ፕራይመር በሦስት እጥፍ የሸጡብን ሰዎች የሠሩት ነው። ያኔ ምን እንደተሰማን አስታውሳለሁ፣ ማህበራችን ለሌላ ሰው ያንን እንዲያደርግ አልፈልግም።

አባል ከውድብሪጅ፦

እሺ ተቀብያለሁ፣ የፈቃዱን ነገር አላውቅም ነበር። ሐሳቤን አንስቻለሁ። ግን የስምንት ፓውንዱ ጀሪካን በፓውንድ ሲሰላ ይረክሳል፣ እሱን ገዝተን በትንሽ በትንሽ ብንከፋፈለውስ?

አባል ከዴል ሲቲ፦

እባካችሁ ባሩድ ከዕቃው አይገልበጥ። ባለፈው ክረምት አንድ የማውቀው ሰው ጠፍቶ የነበረ ባሩድ አገኘሁልህ ብሎ በፕላስቲክ ማሰሮ አመጣልኝ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ግማሹ ለቋል፣ 0 ይሁን 8 አይለይም። ክዳኑን ስከፍተው አፍንጫ የሚሰነጥቅ የአሲድ ሽታ መጣ፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ቀላ ያለ አቧራ ይዞታል፣ ልክ የበርበሬ ዕቃ ሲራገፍ የሚቀረውን ይመስላል። ይሄ የተበላሸ ባሩድ ምልክቱ ነው። ደህና ቢሆን እንኳ ምን እንደሆነ በማይታወቅ ባሩድ ማን ይሞላል፣ አንዱ ባሩድ ከሌላው በዓይን አይለይም፣ ፈጣኑን ባሩድ በቀርፋፋው መጠን ከሞላህ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ባለ አንድ ፓውንዱን በታሸገ ዕቃው እንግዛ።

እጥረት ሲሆን ደግሞ ሰው የተገኘውን ነው የሚገዛው፣ የለመደው ፕራይመር ሲጠፋ ማግነሙን (ጠንከር አድርጎ የሚያቀጣጥለውን) ይወስዳል፣ ወይ ከቦስኒያ የሚመጣውን ጊኔክስ የሚባለውን ፕራይመር። መውሰዱ ችግር የለውም፣ ግን ፕራይመር የቀየረ ሰው ከማኑዋሉ ዝቅተኛ መጠን እንደገና ይጀምር። ክፍፍሉ ቀን ይሄን ለአዲሶቹ እኔ ቆሜ ላሳይ።

ገንዘብ ያዥ፦

ጎበዝ፣ የጀሪካኑ ነገር እዚህ ላይ ይዘጋ። መዋጮው በወር 25 ዶላር ቢሆን ለስድስት ወር 150 ነው፣ ለአንድ አዳኝ 1,000 ፕራይመርና አንድ ፓውንድ ባሩድ ከነሃዝማቱ ይሸፍናል፣ የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ሥራ ያቆመ አባል ካለ ለኔ በግል ይንገረኝ፣ ድርሻውን ይውሰድና ቀስ ብሎ ይክፈል፣ ስሙ አይነሳም።

ጸሐፊ፦

እንግዲህ እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ አንብባችሁ አርሙኝ። "አባላት በዕቁብ መልክ በየወሩ 25 ዶላር እያዋጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ፕራይመርና ባሩድ በጋራ ያዛሉ። አንድ አዳኝ በአንድ ዙር ከ1,000 ፕራይመርና ከሁለት ፓውንድ ባሩድ በላይ አይወስድም፣ ሁለተኛውን ፓውንድ የፈለገ ልዩነቱን ራሱ ይጨምራል፣ ተወዳዳሪዎች ቀድመው ባስመዘገቡት መጠን ለብቻ ይስተናገዳሉ። ዕቃው ከፋብሪካ ዕቃው አይወጣም፣ በመጣበት ቀን ይከፋፈላል፣ በማህበሩ ስም የትም አይከማችም። ከዚህ የወሰደ አባል ለሌላ ሰው ቢለቅ በገዛበት ዋጋ ብቻ ነው። የዲሲ ነዋሪ አባላት ሕጉን አሟልተው ካልሆነ ዕቃውን ወደ ከተማው አያስገቡም።"

የቀድሞ ሰብሳቢ፦

በገዛበት ዋጋ የሚለው ላይ "መጀመሪያ ለማህበሩ አባል" የሚል ጨምርበት። ሌላው ደህና ነው። የኔን የዚህን ዙር ድርሻ ባለፈው ዓመት ሳያድን ለቀረው ልጅ ስጡልኝ፣ እኔ ያለኝ እስከ ከርሞ ይበቃኛል።

ጸሐፊ፦

ተጨምሯል ጋሼ። ሌሎቻችሁ እስከ እሁድ ማታ የምትፈልጉትን የፕራይመር ዓይነት፣ ላርጅ ይሁን ስሞል፣ የራይፍል ይሁን የሽጉጥ፣ ከባሩዱ ስም ጋር ጻፉልኝ፣ ቤታችሁ ያለውንም ቆጥራችሁ እውነቱን አስቀምጡ። እኔ 300 ላርጅ ራይፍልና ግማሽ ፓውንድ ቫርጌት የሚባለው ባሩድ አለኝ፣ ከዚህ ዙር 500 ይበቃኛል።